ዘይት የማትጠጣው ቶርኖ

መምህሩ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሚስቱ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና «ወይ ጠግናት፣ ወይ ቅበራት!» አለችው።

የምትለው ስለ ቶርኖዋ ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በወፍራም የጣውላ ጠረጴዛ ላይ፣ አሮጌ አንሶላ ለብሳ የተቀመጠች ትንሽ የብረት ቶርኖ ነበረችው። ርዝመቷ ከአንድ ሰው ክንድ እምብዛም አይበልጥም። እሷ ብረቱን ነክሳ ታሽከረክራለች፤ እሱ ደግሞ ስለቱን ቀስ እያለ አስጠግቶ ብረቱን እንደ ድንች ይልጠዋል። ያ ግን ድሮ ነው። አሁን ሁለት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም፤ ሚስቱም በክፍሉ ላይ ዓይኗን ጥላለች፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን ልታስገባበት።

«መጠገኛ የሚሆን ነሐስ አልተገኘማ» አለ መምህሩ እንደ ልማዱ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ? አገር ምድሩ ነሐስ አጣ?»

ነሐስ ጠፍቶ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። የሞተችው ቶርኖ ለእሱ ምስክር ነበረች፤ ሰው ቤቱ በመጣ ቁጥር አንሶላውን ገለጥ አድርጎ «ይኸውላችሁ፣ አማቼ የገደላት» እያለ የሚያሳያት። ምስክሩን የሚጠግን ማን አለ?

ይህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት በቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ አስተምሯል። ተማሪዎቹ «መቶኛ» ይሉታል። «ሚሊሜትርማ ለአናጢ ነው፤ እኛ የምንነጋገረው በመቶኛ ሚሊሜትር ነው!» ማለት ስለሚያበዛ ነው። ይህን ቅጽል ስም እንደማያውቅ ይሆናል እንጂ ያውቀዋል፤ በሆዱም ይወደዋል። የቤቱ ቶርኖ ክፍል ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ የጻፋቸው ትእዛዞች ተለጥፈዋል። መፍቻውን መያዣው ላይ ሰክተህ ማሽን አታስነሳ። ፍቅፋቂውን በብሩሽ እንጂ በእጅህ አትጥረግ። ዘይት ሳትሰጥ አታስነሳ። ለዘይትማ የተለየ ፍቅር ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ረዥም አፍንጫ ያላትን የዘይት ጣሳ ይዞ፣ ቶርኖዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ ስድስቱንም የዘይት ቀዳዳ ያጠጣል። «ሕፃን እንኳ እንዲህ አልተያዘም» ትለው ነበር ሚስቱ፤ ልጆቻቸውን ያሳደገችው እሷ ናትና ነገሩ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት የሆነው እንዲህ ነው።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከመምህሩ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ሳቂታ ነው፤ «እምቢ» የምትል ቃል አፉ ላይ አልተፈጠረችም። የእናቱ የውሃ መሳቢያ ሞተር አንድ ቀለበት በልቶ ቆመና፣ «ጋሼ፣ እባክህ በቶርኖህ ላይ አንድ ቀለበት ላውጣ» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። መምህሩ ደስ አለው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ አስተማረው፤ ብረቱን እንዴት እንደሚያስነክስ፣ ስለቱን ከመሀል ልክ እንዴት እንደሚያቆም፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚልጥ። ቧንቧ ሠራተኛው ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ እንደ ፈተና ተማሪ አጎንብሶ ይሠራል። በመሀል ጎረቤት መምህሩን በር ላይ ጠራው። ወጣ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ከጓዳ በኩል ቶርኖዋ እንደ ተወጋ አሳማ ጮኸች።

ሮጦ ሲገባ አማቹ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል። ክፍሉ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

«ጋሼ፣ ምንም አላደረግኩም! እንዳሳየኸኝ ነው የያዝኩት!»

መምህሩ ዘንጉን በእጁ ሊያዞር ሞከረ። አልዞር አለ። የማሽኑን ራስ ቢነካው ያቃጥላል።

«ስለቱን ቀበርክባት» አለው። «ገፍተህ ቀበርክባት።»

«ኧረ ጋሼ፣ እየላጥኩ...»

«እኔን ነው የምታስተምረኝ?»

አልከፈታትም። ያን ዕለትም፣ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልከፈታትም። ተማሪ ሳይለካ ቢናገር ከክፍል የሚያስወጣ ሰው፣ ፍርዱን በእጁ ሙቀት ብቻ ሰጠ።

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ደግ ነበር። በሳምንቱ አማቱ ከሕመማቸው ተነሥተው ቤተ ዘመድ ለምሳ ተሰበሰበ። አንዱ «ቶርኖዋስ ደህና ናት?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ አፉን በመሐረብ ጠረገና፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው ጣቱን አነሣ።

«ለብረት የተፈጠረ እጅ አለ» አለ። «ለቧንቧ የተፈጠረ እጅ አለ። አንዳንድ እጅ ደግሞ አለ፣ ለአካፋ ብቻ የተፈጠረ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቹም አብሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነበር። ምሳውን ሳይጨርስ እጁን ታጠበና «ሥራ አለብኝ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቱ ቤት አልረገጠም። ስሙም «አካፋ» ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ የቤቱ ልጆች «አጎቴ አካፋ» አሉት፤ ከልጆቹ ወደ ሰፈሩ ሄደ፤ ከሰፈሩ ወደ ሥራው።

እንግዲህ ሚስቱ «ቅበራት» ባለችው ማግስት መምህሩ ተነሣ። ከድሮ ተማሪዎቹ አንዷ ነሐስ የሚያቀልጥ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ጠይቋት አንድ ድፍን ቁራጭ ላከችለት። ጠዋት አንሶላውን ገፈፈ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ በተራ ደረደራቸው። ዘንጉን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ወደ ኋላ መትቶ አወጣው። ዘንጉ የሚሽከረከርበት የነሐስ ቀለበት፣ ቡሽንግ የሚሉት፣ ጠቁሮ፣ ተፋፍቆ፣ ከዘንጉ ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም።

«አየህ ሥራውን» አለ ለራሱ።

ከዚያ በፊተኛው የዘይት ቀዳዳ አፍ ላይ የታሰረውን የዘይት ኩባያ ሊፈታ ሲል እጁ ቆመ። ኩባያው እስከ አፉ ሙሉ ነው። የሁለት ዓመት ዘይት፣ እንደ ማር ወፍሮ፣ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ወደ ታች መውረድ ነበረበት እኮ።

አንድ ነገር ትዝ አለው። ቶርኖዋ ከመሞቷ በፊት በነበሩት ወራት፣ በዚህች ኩባያ በኩል ዘይት መጠጣት አቁማ ነበር። እሱም ይኮራባት ነበር! መምህራን ጓደኞቹን ሰብስቦ «በደንብ የተያዘች ማሽን እንዲህ ናት፤ ዘይት እንኳ አትጠጣም!» ብሏል። በአፉ ብሏል።

ቀጭን ሽቦ አመጣና ቀዳዳው ውስጥ ሰደደ። ሽቦው ጥቂት ወርዶ ለስላሳ ነገር ላይ ቆመ። ጫፉን እንደ መንጠቆ አጥፎ እንደገና ሰደደው፣ አጠማዞ ሳበው። የጨርቅ ውታፍ ወጣ። በነጭ ላይ ትናንሽ ቀይ አበባ ያለበት፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቀለም የደረቀበት።

ጨርቁን ያውቀዋል። የሚስቱ አሮጌ ቀሚስ ነው። ቀለሙንም ያውቀዋል። አማቹ ከመምጣቱ ከወራት በፊት፣ በዕረፍት ጊዜው፣ ቶርኖዋን በገዛ እጁ አረንጓዴ ቀብቷታል። ቀለም እንዳይገባባቸው ስድስቱንም የዘይት ቀዳዳ በቀሚሱ ቁራጭ ወትፏል። አምስቱን ነቅሏል። ስድስተኛውን ረስቶ ኩባያውን ከላዩ አሰረበት። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በፍቅር፣ በረዥሟ አፍንጫ ጣሳ፣ ጨርቅ ሲያጠጣ ከረመ።

ቶርኖዋን ያቃጠላት ያለ ዘይት መሽከርከር ነው። በማንም እጅ ላይ ትቃጠል ነበር። አማቹ የደረሰው በመሞቻ ቀኗ መሆኑ ብቻ ነው።

መምህሩ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጆሮው ጋለ፤ ፊቱ ጋለ፤ ማንም ሳያየው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ደም መሰለ። የሚስቱ ኮቴ ሲሰማ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ውታፉን ኪሱ ውስጥ መክተት ነበር።

«ምን አገኘህባት?» አለች።

«ቡሽንጉ ተቃጥሏል።»

ሐሰት አልነበረም፤ ግን እውነትም አልነበረም። ሚስቱ የተቃጠለውን ቀለበት አነሣች፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ፊቷ ወደቀ።

«ይኸን ያህል ነው እንዴ ያበላሸብህ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ አፍ አውጥቼ ብዬህ አላውቅም። ወንድሜ ስለሆነ አንተም እኔን ብለህ ብዙ እንደቻልክ አውቃለሁ። በእሱ ፈንታ እኔ ይቅርታ ልጠይቅህ። ይቅር በለው።»

አሁን ነው፣ አለ ልቡ። አሁን ተናገር። አፉ ግን «ይሁን፣ ያለፈ አልፏል» አለ።

ሚስቱ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወጣች። እሱ እዚያው ቀረ። በዕድሜው ብዙ ያልተገባ ነገር ተናግሯል፤ ያንን «ይሁን» የሚያህል ግን የለም። የበደለው እሱ፣ የለመነችው እሷ፣ ይቅር ባዩ ደግሞ እንደገና እሱ!

በማግስቱ ነሐሱን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ቡሽንጉን በትልቁ ቶርኖ ሊያወጣ። በእሱ ቦታ የተተካችው ወጣት መምህርት ተማሪዎቹ ፊት አቆመችው።

«ይኼውላችሁ መምህሬ» አለቻቸው። «ሳይከፍቱ የሚፈርዱ ሐኪምና መካኒክ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ገዳይ ናቸው ይሉን ነበር። አይደል ጋሼ?»

«ብያለሁ?» አለ።

«ሁልጊዜ ነዋ!»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እሱ ወደ ማሽኑ ዞረ። ያን ቀን፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀለበቱን አሥር መቶኛ አስፍቶ ቦረቦረው። አሥር! ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ የፀጉር ውፍረት ነው። ለእሱ ግን ገደል ነበር። መለኪያውን ሦስት ጊዜ አየና፣ የተበላሸውን ነሐስ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ በጓሮ በር ወጣ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ቤቱ አልሄደም። እግሩ ወደ አማቹ ሰፈር ወሰደው።

አማቹ ቤት ቀይሯል፤ መምህሩ አዲሱን አያውቀውም። አንድ ሱቅ ጠጋ ብሎ ስሙን ጠራና የቧንቧ ሠራተኛውን ቤት ጠየቀ። ባለሱቁ ግራ ገባው። «እንዲህ የሚባል አላውቅም።» ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «አካፋን ነው እንዴ የምትፈልገው?»

«አዎ» አለ። «እሱን ነው።»

አማቹን ግቢው ውስጥ አገኘው። ረዥም የብረት ቧንቧ በሞርሳ አስይዞ፣ ጥርስ የሚያወጣበትን መሣሪያ በክንዱ ኃይል ግማሽ ግማሽ ዙር ይጠመዝዛል። መምህሩን ሲያይ ቀና አለ። ደነገጠ፣ ከዚያ አንድ ነገር ፈራ።

«እህቴ ደህና ናት? እማዬ...?»

«ሁሉም ደህና ነው። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት።»

ከኪሱ ውታፉን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው፤ ቀለም መቀባቱን፣ ስድስቱን ቀዳዳ፣ አምስቱን መንቀሉን፣ «አትጠጣም» ብሎ መኩራቱን። «ይቅርታ» የምትለዋ ቃል ስትወጣ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ አለ። አማቹ ጨርቁን አገላብጦ አየ።

«እኔ እኮ አምኜህ ነበር ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ያልከውን። ገፍቼ ቀብሬ ይሆናል ብዬ። መምህር ነህ፤ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ያለው መሣሪያ ነክቼ አላውቅም።» በአገጩ ሞርሳውን አሳየው። «ይኼን በደቂቃ የሚያወጣ ማሽን አለ። ትልቅ ሕንፃ ላይ ና እሱን ያዝ ሲሉኝ አይሆንም አልኩ። እጄን አላመንኩትማ።»

መምህሩ የሰውየውን መዳፍ አየ። ቆዳው በመጠምዘዝ ብዛት ተልጦ፣ ደርቆ፣ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ስድብ ጠብቆ ነበር የመጣው። ስድብ ቢሆን በስንት ጣዕሙ!

«ተቀይመኸኛል?» አለ፤ ጥያቄው ከአፉ እንደወጣ የሕፃን ጥያቄ መሆኑ ገባው።

«ቆይ እስቲ፣ ገና አላወቅኩትም» አለ አማቹ። ጨርቁን መለሰለት። «ግን ጋሼ፣ ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ እንዳትሄድ። የሳቀው ብዙ ሰው ነው።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ አንድ ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ቆሞ ነገራት። መተኮሻውን አቁማ ሰማችው፤ ስለ ቶርኖዋ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ስለ ጨርቁም ምንም አላለች።

«ትናንት ስለምንህ» አለች «ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ይሁን አልከኝ።»

«አዎ።»

መተኮሻውን አነሣችና ወደ ቀሚሱ ተመለሰች። ለአሥር ቀን ከ«ምሳ ቀርቧል» በቀር ቃል አልተነፈሰችለትም። ሁለት ዓመት ወንድሟን ደጅ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ እንደ ሌባ ተደብቃ ነው ስታገኘው የኖረችው።

በሚቀጥለው እሑድ አማቱ ቤት ሁሉም ተጠራ። አማቹም መጣ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። መምህሩ ተነሥቶ ቆመ። ክፍል ውስጥ ሺህ ጊዜ ቆሟል፤ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ግን አያውቅም። ጨርቁን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ነገሩን አጠር አድርጎ ተናገረ፣ «ያን ቀን በዚህ ቤት የሰደብኩት ንጹሕ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስሙንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። አንዱ ዘመድ ነገሩን ሊያቀል ፈልጎ «ታዲያ አካፋው ማን ሆነ በሉኛ!» አለ። ማንም አልሳቀም። ተናጋሪውም ብርጭቆውን አነሣ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉ አማቱ። «መናገርህ ደግ ነው። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ይህ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት የገባው አንተ አለመኖርህን በስልክ ጠይቆ ነው።»

መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ምግቡ ቀረበ፤ ምን እንደበላ አያስታውስም።

ስሙ አልጠፋም። የቤቱ ልጆች ሲገሠጹ ተዉት፤ ሰፈሩ ግን አልተወውም። መምህሩ ያንን ባለሱቅ ሁለት ጊዜ ሄዶ ለምኖታል። ባለሱቁ «እሺ አባቴ» ይላል፤ ዞር ሲል ያው ነው። ነሐስ ቢበላሽ ሌላ ነሐስ ይመጣል። ለዚህ ግን መምህሩ የሚያውቀው መሣሪያ የለም።

ቶርኖዋ ተነሣች። ሁለተኛው ቡሽንግ በልኩ ወጣ፤ ዘንጉ ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል፤ የፊቱ ኩባያም ዘይቱን በጤናዋ ትጠጣለች። የስፌት መኪናዋም እዚያው ክፍል ገባች፣ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን ያለበትን ቦታ ይዛ። መምህሩ ቅር አላለውም፤ ቅር ቢለውም የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። አማቹን «ና፣ እንደገና ሞክራት» ብሎ ሁለት ጊዜ ላከበት። «እሺ» አለ፤ ግን አልመጣም።

ሁለት ወር ያህል አልፎ፣ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሥራ የለህም አይደል?» አማቹ ነው።

«የለኝም።»

«አንድ ሰው ቤት ቧንቧ እየቀየርኩ ነው፤ ከሥር ሆኖ የሚይዝልኝ አጣሁ።»

መምህሩ ጃኬቱን እየለበሰ ወጣ። የማያውቀው ሰው ወጥ ቤት ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ ገባ። አማቹ ከላይ ሆኖ «መፍቻ» ይላል፣ ያቀብለዋል፤ «ትልቁን» ይላል፣ ይቀይርለታል፤ «አይ፣ እሱን አይደለም ጋሼ» ይላል፣ እንደገና ይፈልጋል። የቤቱ እመቤት ጎንበስ ብላ ሽበታሙን ራስ አየችና ወደ አማቹ ዞረች።

«አዲስ ረዳት ነው የያዝከው?»

አማቹ ከሥር ያለው ሰው ይመልስ ብሎ ጠበቀ።

«አዎ» አለ መምህሩ። «ገና እየለመድኩ ነው።»

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለ አማቹ። «ልከፍተው ነው።»

ውሃው ከመጋጠሚያው ፊጭ ብሎ፣ በመምህሩ እጅጌ ገብቶ፣ እስከ ብብቱ ወረደ። ቀዝቃዛ ነበር። እጁን አላነሣም።